የነጎድጓድ ባንድ ካሴት በሰቆጣ

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰሊማ ልጅ ለፋጤ፤

አሰላሙ አለይኪ። የጅቡቲ ሙቀት ቀለሙን ከብዕሬ ሳያደርቀው ሰላምታዬ ይድረስሽ። አላህ እናትሽንና ያንን ቤት በሰላም ያኑርልኝ። እኔ ከላቤ በስተቀር ደህና ነኝ።

አምና ማንም ሳያዝዝሽ «አጎት እንዳለኝ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ብለሽ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ አሁንም ከጊታሬ ሣጥን አልወጣም። ከዚያ ቤት ስሜን የጠራ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። አባቴ ሙዚቀኛ ልጅ የለኝም ካሉ ወዲህ እናትሽ እንኳ የምትጽፍልኝ በስውር ነው። ስለዚህ ዛሬ የቸገረኝን የምጠይቀው አንቺን ነው።

ባንዳችን ነጎድጓድ ከረጅም ዝምታ በኋላ አዲስ ካሴት አወጣ። በንጉሡ ጊዜ ሮክ የሚባለውን ነገር አዲስ አበባ ላይ ካስጮኹት አንዱ እኛ ነበርን። አሁን ሁላችንም ሸብተናል፤ የምንጫወተውም እዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። የካሴቱን ዜማ በሙሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ የአዲስ አበባ ሐያሲ ጋዜጣ ላይ የጻፈውን ልገልብጥልሽ፦ «አንጋፋዎቹ ከዕድሜያቸው ለማምለጥ ይሮጣሉ። ሙዚቃው ማን እንደሆነ ሳንለየው ባጠገባችን ያልፋል። በሦስተኛው ዘፈን ጊታሩ ተሰናክሎ ሲወድቅ እንኳ አላፈሩም። ቢያርፉ ይሻላቸዋል።» ሌሎቹም ይህንኑ አገላብጠው ጻፉት።

የኦርጋን ተጫዋቻችን ገብረ አማኑኤል ጽሑፉን ቆርጦ በኪሱ ይዞ ይዞራል። «እንበተን» ይላል። አንድ ወዳጄ ደግሞ ጎማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። እኔ ጊታሬን ካስቀመጥኩ ባንዱ አለቀለት። ላስቀምጥ ወይስ ልቀጥል እያልኩ ከአንድ ወንበር ወደ ሌላ ወንበር ስቀያየር እውላለሁ።

ካሴቱን ከዚህ ወደ ደሴ ጭነት ለሚያመላልሰው ሾፌር ለምንዋጋው ሰጥቼዋለሁ፤ ሰቆጣ ድረስ የሚያደርሰው ሰው አለው። ስም አልተጻፈበትም። የማን እንደሆነ ሳትነግሪ ለሰዎች አሰሚና ያሉትን ጻፊልኝ። ጋዜጣውን ያላነበበ ጆሮ እፈልጋለሁ። አታሳምሪልኝ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ሰቆጣ፣ ኅዳር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሙሄዲን፤

ወአለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። ሰላምታዬ ከዚህ እስከ ኮረም ባለው መንገድ እየተንገጫገጨ ስለሚወርድ ተሰባብሮ ቢደርስዎ ገጣጥመው ይቀበሉት። ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ቀድሞ የሚከፍት ጓድ ካለ ለእሱም ሰላምታ ይድረሰው፤ ብቻ ሲጨርስ በደንብ ይለጥፈው።

እማዬ ደህና ነች። አባትዎ አባባ ሐጂ ኢድሪስም ደህና ናቸው፤ ማለትም ይቆጣሉ። ሐኪም የምንፈልገው ያልተቆጡ ዕለት ነው።

ወደ ጉዳያችን ልግባ። ካሴቱ በአንድ ከረጢት ሽምብራ ውስጥ ተቀብሮ ደረሰ። በገበያ ቀን ቴፑን ወደ ሱቃችን በረንዳ አወጣሁት። አባባ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ለሽያጭ እንጂ ለቤት እንደማይነኩ ያውቃሉ። ሬዲዮው የጨረሰውን ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ከበርበሬው ጎን ያሰጡና «ይኸው ነፍስ ዘራ» ብለው ለቴፑ ያወርዱታል። የዚያን ዕለት ፀሐዩ ጥሩ ስለነበር ድንጋዩ ሞቅ ብሎ ወረደ፤ አላስቸገረንም።

ዳኞቼን ላስተዋውቅዎ። አንደኛው በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናውን ተክሎ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ ደርቤ ነው። ሁለተኛዋ ከደሃና ማር እያመጣች የምትሸጠው እትዬ አልጣሽ ናት። ሦስተኛው ከደብረ ታቦር ተመድበው የመጡት የታሪክ መምህራችን መምህር ሙላው ናቸው። የቀበሌው የኪነት ኃላፊም ስለሆኑ ማንም ሲዘፍን እሳቸው ሳይፈቅዱ ማጨብጨብ ያስፈራል።

መጀመሪያ ጊታሩ እንደ ጨው ጫኝ ግመል ቀስ እያለ፣ እየተነቃነቀ ወጣ። ከዚያ አንድ ድምፀ ጎርናና ሰውዬ መዝፈን ጀመረ። ደርቤ እግሩን ከመኪናው ላይ አነሳ።

«ይኼ ሰውዬ ልጅ ሞቶበታል» አለ።

«ልጅ አይደለም» አለች እትዬ አልጣሽ፤ «በሬ ነው የሞተበት። ልጅ የሞተበት ሰው እንዲህ ተረጋግቶ አያለቅስም።»

መምህር ሙላው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘፋኙን አዲስ አበባ ሳለሁ አውቀዋለሁ። ጢሙ እስከዚህ ነው» ብለው ደረታቸውን አሳዩን። «እጄን ጨብጦኛል። እጁ ከባድ ነው።»

ጋሼ፣ ጢማም ዘፋኝ እንዳላችሁ ለምን ደበቁኝ?

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጋዜጠኛው ወደቀ ያለው ጊታር ጋ ስንደርስ እትዬ አልጣሽ «እፎይ፣ ተነፈሰ» አለች እንጂ ወደቀ ያለ የለም። ደርቤማ ዓይኑን በሚሰፋው ሱሪ ጠረገ። ሱሪው የመምህር ሙላው ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። አባባ ከውስጥ አቡጀዲ ይለኩ ነበር። ቴፕ ከሰሙ የሚሉትን ስለማውቅ ላጠፋው እጄን ስሰድ «ተዪው» አሉ። ክንዳቸውን ጨርቁ ላይ እንደዘረጉ ቆመው አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ይኼ ሰው ዕድሜ ያስተማረው ነው፤ አይቸኩልም» አሉ። ከዚያ ያቋረጡትን ክንድ ከየት እንደጀመሩት ጠፋባቸውና ገዢው ሳያየው ትርፍ ጨርቅ አገኘ። ይህ በእኔ ዕድሜ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ያንን ጋዜጠኛ ጆሮውን ይታጠብ ይበሉት። የሰቆጣ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ጊታሩ አይቀመጥም። ለዳኝነቴ አንድ ያማረ የጸጉር ማስያዣ ቢልኩልኝ ፍርዱን ይግባኝ የሌለው አደርገዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ ፋጤ


ጅቡቲ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለብልጧ ለፋጤ፤

አላህ ምላስሽን እንደተሳለ ያቆየው፤ ከመምህርሽ ጆሮ ግን ያርቀው። እናትሽን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽን ሆቴሉ ጓሮ ባንዱን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ገብረ አማኑኤል ያንን የጋዜጣ ቁራጭ ከኪሱ አወጣና ሲጋራ ለኮሰበት። «ሰቆጣ ካለቀሰች እንቀጥላለን» አለ። ስለ አባቴ የጻፍሽውን ግን አላነበብኩላቸውም። እሱን ለብቻዬ አስቀረሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቆረቆረኝ። ጢማሙ ሰውዬ ማን ነው? የእኛ ዘፋኝ ተናኘ ናት። ሴት ናት፤ ድምጿም እንደ ዋሽንት ቀጭን ነው። እሷ «ልጅቷ ቀልደኛ ናት» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። እየበላሁም እየሄድኩም ሳስበው ሰነበትኩና አባቴ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ሲያሰጡ ታየኝ።

ፋጤ፣ ድንጋዩ ደክሞ ነው። ሬዲዮ የጨረሰው ድንጋይ ቴፕ ማዞር አይችልም፤ ያንቀላፋል። ክሩ እየጎተተ ሲዞር ሴቷም ወንድ ትሆናለች፣ ሩጫውም ለቅሶ ይሆናል። የሰማችሁት እኔ የሠራሁትን አይደለም። አባቴ የወደዱትም እኔን አይደለም።

ለባንዱ አልነገርኳቸውም። ገብረ አማኑኤል እንደዚህ ፈገግ ካለ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ አፌ እምቢ አለኝ።

አሁን በምንዋጋው እጅ አዲስ ድንጋይ ልኬያለሁ። አትሽጡት፤ ቆርቆሮ ላይም አይውጣ። በእሱ እንደገና አሰሚያቸውና ቶሎ ጻፊልኝ። የጸጉር ማስያዣውም አብሮት አለ።

አጎትሽ ሙሄዲን


ሰቆጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሙሄዲን፤

ሰላምታዬ እንደ እኛ አገር የመጋቢት ንፋስ ሳይጋበዝ ይግባልዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እዚህ ብዙ ወሬ አለ። መኪና በወታደር ታጅቦ በኮንቮይ ካልሆነ አይገባም፤ ስለዚህ ስኳር የለም፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ ስለ ስኳር ያወራል። ደርቤ ከኒሯቅ ሚስት ሊያገባ ነው። የሙሽራዋን ቀሚስ ራሱ ልስፋ ብሎ ሳይለካት ሰፋው፤ እትዬ አልጣሽ አይታው «ሁለት ሚስት ነው የምታገባው?» አለችው። መምህር ሙላው አዲስ ጫማ ገዝተው ነበር። ገበያ መሃል ስለ ንቃት ሲያስተምሩን ተረከዙ ወለቀ፤ እስከ ንግግሩ መጨረሻ ባንድ እግር ቆመው ጨረሱት።

ጅቡቲ ያለው ባሕር ሌት ተቀን አያርፍም የሚሉት እውነት ነው? እንዴት ይቻላል? የሚያየው ሰውስ አይደክመውም? መልሱን ይጻፉልኝ።

የጸጉር ማስያዣው ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ከተቻለ ደግሞ ጫማ፤ ቀይ ቢሆን፣ ካልሆነም ቀይ። ድንጋዩም ደርሷል። እማዬ ሰላም ትልዎታለች። ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ፋጤ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለፋጤ፤

ሰላም ለአንቺና ለቤቱ ይሁን። ረመዳንን አላህ በጤና ያስጹማችሁ።

ስለ ስኳር ጻፍሽ፣ ስለ ተረከዝ ጻፍሽ፣ ስለ ባሕር ጠየቅሽ። ስለ ካሴቱ አንድ ቃል የለም። ይህን ያህል ዘመን መድረክ ላይ የቆመ ሰው ጭብጨባ ሲቀር ለመስማት ማንም አያስፈልገውም። ግን እንደቀረ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደቀረ ማወቅ እፈልጋለሁ።

በረመዳን ሆቴሉ ሙዚቃ ያቆማል። ከዒድ በኋላ ወይ አዲስ ውል እንፈርማለን፣ ወይ እንበተናለን። ባለ መጋዘኑ ወዳጄ እስከ ሰኔ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል። ትናንት ሄጄ መጋዘኑን አየሁት። ጎማው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ድምፅ የሚባል የለም። ያስጎበኘኝ ሰው «እዚህ ሰላም ነው» አለኝ። እግሬ ግን ቆሜም መሬቱን ይመታ ነበር።

አትዘኚልኝ፤ ንገሪኝ። ደግሞም የደርቤንም የአልጣሽንም ጽፈሽ የራስሽን አንድም ቀን አልጻፍሽልኝም። ባሕሩ አያርፍም፤ የሚያየውም አይደክመውም። ጫማው ቀይ ነው። ጉቦ አይደለም።

ሙሄዲን


ሰቆጣ፣ ግንቦት 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ሙሄዲን፤

ዘግይቶም ቢሆን ዒድ ሙባረክ። ጫማው ጠቦኛል፤ ግን አላወልቀውም። እማዬ «እግርሽን ትገድይዋለሽ» ትላለች። ይሙት እላለሁ፤ ቀይ ለብሶ ይሙት።

አላሳምርልዎትም። ድንጋዩ የደረሰ ዕለት ወዲያው አሰማኋቸው። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ፤ እርስዎም ቁጭ ብለው ያንብቡት።

አዲሱን ድንጋይ ከትቼ ቁልፉን ስጫን ቴፑ ራሱ የደነገጠ መሰለኝ። እትዬ አልጣሽ የማር እንስራዋን በሁለት እጇ ያዘች። ደርቤ ወደ መንገዱ አየ፤ «ማን ነው የሚያሳድዳቸው?» አለ። ከዚያ ተናኘ መዝፈን ጀመረች። ሁሉም ዞር ብሎ መምህር ሙላውን አየ።

«ጢሙን ተላጨው?» አላቸው ደርቤ።

«እኔ ያወቅኩት ባሏን ነው» አሉ መምህር ሙላው። ፊታቸው አልተለወጠም፤ ይህን ችሎታ እኔም ብማረው ደስ ይለኛል። ቀጥለውም ይህ ሙዚቃ የንዑስ ከበርቴ ችኮላ እንዳለበት አስረዱን። ደርቤ ከበርቴ ይህን ያህል ከቸኮለ ንዑሱ ለምን እንደማይደርስበት ጠየቃቸው።

እትዬ አልጣሽ በኽምጣኛ አንድ ነገር አለች፤ ደብዳቤያችንን የሚከፍተው ጓድ ልጅ ያለው ከሆነ ብዬ አልጽፈውም። በአማርኛ ደግሞ «የባለፈውን ሰውዬ መልሱልኝ። ለዚች ልጅም ውሃ ስጧት» አለች። ቆሞ ይሰማ የነበረው ገበያተኛ አንድ በአንድ ሄደ። ደርቤ ባለፈው ዕለት ያለቀሰው አለርጂ ሆኖበት እንደነበር ነገረን።

በቃ፣ እዚህ ላይ ላቆም ነበር ያሰብኩት። ለዚህ ብቻ ቢሆን መጋቢት ላይም ጽፌልዎት ነበር፤ ስድብ መጻፍ አይከብደኝም። እንዳልጽፍ ያደረገችኝ እማዬ ናት። «ይህን ብትጽፊለት ይመጣል፤ ሲመጣ አባባ በር ይዘጉበታል» አለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ በሰላም ተቀምጬ አላውቅም። ስለዚህ እነሆ።

ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር አባባ ከመስጊድ ተመልሰው ሱቁ በር ላይ ቆመዋል። እንዳያዩኝ ቴፑን በነጠላዬ ሸፈንኩት፤ ድምፅ በነጠላ እንደማይሸፈን ያኔ ነው የገባኝ። ጊታሩ ብቻውን መሮጥ ጀመረ። አባባ እጃቸውን መቃኑ ላይ አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣

«ይኼ ሙሄዲን ነው» አሉ።

ጋሼ፣ ስምዎን ከአባባ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ካሴቱ የእርስዎ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ደርቤ መኪናውን አቆመ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ባለችበት ቀረች።

«ልጅ ሳለ ከመስጊዱ ቁልቁል እንዲህ ነበር የሚወርደው» አሉ አባባ፤ ለማንም አልነበረም የሚያወሩት። «አንድም ቀን ሲራመድ አላየሁትም። ቆይ፣ አሁን ይሰናከላል።»

ጊታሩ ተሰናከለ።

«ይነሳል» አሉ። ጊታሩም ተነስቶ ቀጠለ።

እዚያው ቆመው እስኪያልቅ ሰሙ። ካለቀ በኋላ «አጥፊው። አይጥመኝም፤ ያኛው ይሻል ነበር» አሉና ገብተው ሚዛኑን ማጽዳት ጀመሩ። ሚዛኑ ንጹሕ ነበር። የእርስዎ ድንጋይ ሲደክም ከመደርደሪያው አዲስ አውርደው ይሰጡኛል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ሐጂ ኢድሪስ ናቸው፣ አልሰጡኝም።

እማዬ እንዳለችው በር ይዝጉብዎ አይዝጉብዎ እኔ አላውቅም። የማውቀው ያኛውን ጎርናና ሰውዬ ወደዱት እንጂ አለማወቃቸውን ነው። እርስዎን አልወደዱዎትም፤ ግን ገና ሳይሰናከሉ አወቁዎት።

የራስሽን ጻፊ ብለውኛል። እኔ ዳኛ ስሆን ጥሩ ነበርኩ፤ አሁን ይከብደኛል። ቀስ ያለውን ሳደምጥ ሰው ሁሉ ዝም ስላለ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሳዘነኝ፣ አበቃ። ፈጣኑን ግን ዕቃ ቤት ገብቼ ብቻዬን ነው የምሰማው። ስሰማው ላምባ ስቀዳ አፈሳለሁ፣ የተጠየቅኩትን ትቼ ሌላ ዕቃ እሰጣለሁ። በሩን ከፍቼ የሆነ ቦታ መሄድ ያምረኛል፤ የት እንደሆነ ግን አላውቅም። ይህ መውደድ ይሁን በሽታ እርስዎ ይንገሩኝ። ድንጋዩ ደክሞ ተናኘ ወደ ወንድነት መለወጥ ስትጀምር አጠፋዋለሁ፤ እንድትለወጥ አልፈልግም።

የሚወስኑትን ይወስኑ። ብቻ ጎማ ተራ የሚሄዱ ከሆነ ለእኔ ቀድመው ይጻፉልኝ፤ ለአባባ ማን እንደሚነግራቸው ማሰብ አለብኝ።

ፋጤ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለፋጤ፣ ለዳኛዬ፤

አላህ ዕድሜሽን ያርዝም፤ ጫማሽንም ያስፋልሽ። ቁጭ ብለው ያንብቡት ብለሽኝ ነበር፤ ቆሜ ነው ያነበብኩት። የሆቴሉን ጓሮ ከአጥር እስከ አጥር ሄድኩበት፤ አትክልተኛው ምን እንደጠፋኝ ጠየቀኝ።

ለባንዱ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ድንጋዩም ጭምር። ገብረ አማኑኤል «እኔ በድካሜ የወደዱኝን ብከተል ይሻለኛል» አለ። ምሳ ሰዓት ላይ ቀስ ያለ ኦርጋን የሚፈልግ ሌላ ሆቴል አግኝቷል፤ በፍቅር ተለያየን። እውነቱን ልንገርሽ፣ አብሮን ያረጀ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በበር ሲወጣ ማየት ከጋዜጣው ይብሳል። ተናኘና ድራም መቺው ቀርተዋል። ሦስት ሰው ምን ዓይነት ባንድ እንደሚሆን አላውቅም። አልቆ ይሆናል። ውሉን ግን ፈርመናል።

ከዚያ መጋዘኑ ሄጄ ሥራውን እንደማልፈልግ ነገርኩት። ወዳጄ ተቀየመ። «በዚህ ዕድሜህ ወዴት ነው?» አለኝ።

የአንቺን በሽታ አውቀዋለሁ። መድኃኒት የለውም፤ ብቻ ትምህርትሽን ሳትጨርሺ በሩን አትክፈቺ። እኔ ሳልጨርስ ነው የከፈትኩት፤ እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛ የሚያናግረኝን ሁሉ እሺ እላለሁ።

ለእናትሽ አሁን አልመጣም በያት፤ ትረጋጋ። ተናኘ በመስኮቱ እየጠራችኝ ነው፣ ልምምድ ጀምረዋል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ። ለአባቴ ደህና ነው አትበያቸው፣ ሰላም ይላል አትበያቸው፤ አይሰሙሽም። የሚቆጡበትን ሰዓት ጠብቂና፣ ቁልቁለቱን ገና አልጨረሰውም በያቸው።

ሙሄዲን